«ዳነች» ስንል

በአማርኛችን የታመመ ሰው ስንጠይቅ «እግዜር ይማርህ» እንላለን። ከአልጋው ሲነሳም «እንኳን እግዜር ማረህ» ብለን ደጁን እንረግጣለን። ለወለደች ሴትማ ቃሉ የታወቀ ነው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»። ስንለው ስለኖርን ልብ አንለውም እንጂ፣ ምህረት ከሐኪም ቤት ይልቅ ለፍርድ አደባባይ የሚቀርብ ቃል ነው። የሚማረው እስረኛ ነው፣ ወይም ባለዕዳ። ምህረት ደግሞ አንዴ ከተሰጠ ተሰጠ ነው። ከእስር የተለቀቀ ሰው በየዓመቱ ወደ ወህኒው በር እየተመላለሰ «ምህረቴ አሁንም ጸንቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ነገሩ በዚያው ቀን ያልቃል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል።

ይህን ሳስብ አንድ የራሴ ጥፋት ትዝ ይለኛል። ከዓመታት በፊት፣ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ፣ ከፊስቱላ ሕመም ተፈውሰው ወደ አገራቸው ስለሚመለሱ ሴቶች ለአንድ ጋዜጣ ዜና ጽፌ ነበር። «ዳኑ» የሚለውን ቃል በርዕሱም፣ በመግቢያውም፣ በመጨረሻውም ደነቀርኩት። አዲስ ልብስ ለብሰው በር ላይ የቆሙበት ፎቶግራፍም አብሮ ወጣ። አዘጋጁ ወደደልኝ፤ እኔም በራሴ ረካሁ። «ከዚያስ?» የምትለው ጥያቄ ግን በአእምሮዬ አልዞረችም። ዜናው በሩ ላይ አለቀ፤ ለእኔ ሕመሙም አብሮት አለቀ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ሲጠና፣ መውጫ ያጣው የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የሽንት ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞታል፤ ከቀናት በኋላም ይበሳል። ሽንት ሌት ተቀን ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ በአብዛኛው ሞቶ ነው የሚወለደው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ያጣች ወላድ ማለት እንግዲህ ይህቺ ናት።

ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1959 እ.ኤ.አ. በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊሠሩ መጥተው እንዲህ ያሉ ሴቶችን አገኙ። በ1974 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። እሳቸው በ1993፣ እሷም በ2020 እ.ኤ.አ. አረፉ። ሆስፒታሉና በኋላ በየክልሉ የተከፈቱት ቅርንጫፎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶችን በነፃ አክመዋል። የአብዛኞቹ ቀዳዳ ይሰፋል፤ ይደርቃሉ፤ ይሄዳሉ። ስለ እነዚህ «ዳኑ» ብዬ በመጻፌ አላፍርም።

ጨዋታው ያለው ከቀሩት ጥቂቶች ዘንድ ነው። ፊኛቸው ጨርሶ የሞተ፣ ወይም የተረፈው ሥጋ ከአንድ ሎሚ የማይበልጥ ሴቶች አሉ። የሚሰፋ ነገር የላቸውም። ለእነዚህ የቀረው መንገድ ከሌላ የሰውነት ክፍል መዋስ ነው፤ የሚዋሱትም ከአንጀት ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሲሞን ፊኛው ከሆዱ ውጪ ሆኖ ለተወለደ ልጅ ሽንቱን ወደ አንጀቱ ለማዞር የሞከረበትን ሥራ በ1852 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው ዩጂን ብሪከር ከአንጀት አንድ ቁራጭ ወስዶ ሽንት በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ከረጢት የሚወርድበትን ስልት አስለመደ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ቁራጩን አንጀት በቁመቱ ቀደው፣ አጣጥፈውና ሰፍተው ሽንት የሚያጠራቅም ፊኛ ይሠሩበታል፤ ወይም የጠበበውን ፊኛ ያሰፉበታል። በካንሰር ፊኛቸውን ላጡ ሰዎች፣ የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም ለተወለዱ ልጆች፣ እንዲሁም ለእነዚህ ሴቶች የሚሠራ ነው። በአማርኛ አንጀት የርኅራኄ ማደሪያ ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ይህን አውቀው የመረጡት ባይሆንም ቦታው አልተሳሳተም።

አንጀት ግን አንጀትነቱን አይረሳም። ፊኛ ሆነሃል ቢባል እንደ ቀድሞው ንፍጡን ያመነጫል። ምግብ መምጠጥ የለመደ ነውና ከሽንቱም ጨውና አሲድ እየመጠጠ ወደ ደም ይመልሳል። ደም አሲድ ሲበዛበት ኩላሊት ጠጠር እንዳይረጋ የሚከላከለውን ሲትሬት የተባለ ንጥረ ነገር ማውጣት ይቀንሳል፤ ካልሲየምም ከአጥንት እየለቀቀ ወደ ሽንት ይወርዳል። ደግሞም አዲሱ ፊኛ እንደ ድሮው ራሱን ጨምቆ አይጨርስም። ብዙዎቹ በቀጭን የጎማ ቱቦ፣ ካቴተር በሚሉት፣ በየተወሰነ ሰዓት ማስወጣት አለባቸው። ከታች የቀረችው ሽንት ትቆማለች፤ በቆመችው ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል። አንዳንዱ ባክቴሪያ በሽንቱ ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። በዚያ ውስጥ ማግኒዚየምና ፎስፌት ንፍጡን እንደ እርሾ ይዘው ይረጋሉ፤ ድንጋይ ይሆናሉ። እንደ ኦፕሬሽኑ ዓይነት ከአሥር ታካሚዎች አንዱን፣ በአንዳንዱ ዓይነት ከሦስት አንዱን ያገኛል። ደግሞ የሚመጣው በነጋታው አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ነው። ቢወጣም ተመልሶ መምጣት ይወዳል።

ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ካነሳሁ ዘንድ ወደ ባሌ ልውሰዳችሁ፤ ጥያቄዬም የሚከብደው እዚያ ነው። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ጎሮ ይገኛል። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ መንገደኛ ሻዩን ጠጥቶ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እኔም እንደዚያው ጠጥቼ አልፌያለሁ። ሶፍ ዑመር ላይ የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች የጀመረውን ጉዞ ይዞ ተራራ ውስጥ ይገባል። የኖራ ድንጋዩን ለዘመናት እያሟሟና እየቦረቦረ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል አዳራሽና ምሰሶ ሠርቷል። የሚሮጥ ውሃ ድንጋይ ሲበላ ያየሁት እዚያ ነው። የቆመ ውሃ ደግሞ ድንጋይ እንደሚሠራ ያወቅሁት ዘግይቼ፣ ስለ እነዚህ ሴቶች ሳነብ ነው።

እንግዲህ አንዲት ሴት እናስብ። ጎሮ አካባቢ ትኑር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ወልዳ ፊኛዋን አጥታለች እንበል። አዲስ አበባ ድረስ መጥታ ሁለት ጊዜ ተሰፍታ አልያዘም። በሃያ ዓመቷ ከአንጀቷ ፊኛ ተሠራላት። ደረቀች። ከሆስፒታሉ ስትወጣ አዲስ ልብስና የአውቶቡስ መሳፈሪያ ተሰጣት። ይህኛው የሐሳብ አይደለም፤ የሆስፒታሉ የታወቀ ልማድ ነው፤ ደግም ልማድ ነው። አገሯ ገባች። ጎረቤት መጥቶ መረቃት፤ በኦሮምኛ ይመርቋት እንጂ የምርቃቱ አንጀት አንድ ነው። አገባች። ገበያ ወጣች። ከሰው ጋር አንድ መደብ ላይ ተቀመጠች።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ታችኛው ሆዷን ይወጋት ጀመር። ሽንቷ ደፈረሰ፤ ሸተተ። ትኩሳት መጣ ሄደ። አንድ ቀን ልብሷ ረጥቦ አገኘችው። ምን ታስብ? የድሮው ተመለሰ ብላ ነው የምታስበው። ለማን ትናገር? ጎረቤቱ ሁሉ መርቋታል፤ ባሏ ያገባት የዳነች ሴት ብሎ ነው። የተማረ ሰው ዳግም ሲከሰስ ጥርጣሬው በራሱ ላይ ነው የሚዞረው። «ምን አድርጋ ይሆን?» ይባላል። ስለዚህ ትደብቃለች። ለመደበቅም በልጅነቷ የተማረችውን ብቸኛ ዘዴ ታነሳለች፤ ውሃ መጠጣት ታቆማለች። ያን ጊዜ ፊስቱላ ሳለባት መድኃኒቷ ጥም ነበረ፤ ባልጠጣ አይፈስብኝም ብላ ከንፈሯ እስኪሰነጠቅ ትቆይ ነበረ። አሁን ያ ጥም ነው ድንጋዩን የሚያሳድገው። ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው ነገሮች ሁሉ ቀላሉ «ብዙ ውሃ ጠጪ» የሚለው ይመስላል። ለእሷ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው፤ ውሃን ጠላት አድርጋ አድጋለችና።

እሺ፣ ደፍራ ተነሳች እንበል። ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፤ ከሮቤ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ሲያያት ፊኛው የሚያውቀውን ፊኛ አይመስልም። ከሁለት ሦስት ልጆቿ መውለጃ ምልክት በማይመስል ጠባሳ በኩል ምን እንደተሠራ መገመት አለበት። ጠጠር ከፊኛ ማውጣት ለቀዶ ሐኪም ብርቅ ሥራ አይደለም። በዚህኛው ፊኛ ላይ ግን ደም የሚያመጣለት ጅማት በየት በኩል እንደሚመጣ ካላወቀ ቢላውን ማሳረፍ ያስፈራዋል፤ ያንን ከቆረጠ የተሠራው ሁሉ ይሞታል። መፍራቱ ደግሞ ትክክል ነው። የሚፈልገው አንድ ወረቀት ነው፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት እጇ ላይ የነበረ ወይም መኖር የነበረበት፣ ከየትኛው አንጀት ስንት ሳንቲ ሜትር ተወስዶ እንዴት እንደተሰፋ የሚናገር ወረቀት። ወረቀቱ ከሌለ ሌላ ስድስት ሰባት መቶ ብር ሳይሆን ሌላ 430 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። በሃያ ዓመቷ ያንን ኦፕሬሽን ሊሠሩላት ይገባ ነበር ወይ?

የለበለዚያው ወገን ክርክር ቀላል አይደለም። በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ዓለም እውነተኛ ሙግት ነው። ይህ ኦፕሬሽን ሠርተው የሚለቁት አይደለም ይላሉ። የደም አሲዷ መለካት አለበት፤ ኩላሊቷ መታየት አለበት፤ ከረጢቱ በጨው ውሃ እየታጠበ ንፍጡ መውጣት አለበት፤ ሽንት ወደ ታላቁ አንጀት የዞረ እንደሆነማ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርም ይፈራል። መንገድ በሌለበት፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ይህን መሥራት ዛሬ አድርቆ ነገ መግደል ነው። እርጥብ ሆና የምትኖር ሴት ደርቃ ከምትሞት አትሻልም ወይ? ይህን የሚሉት ግድ የለሾች አይደሉም። ከሌሎቹ ይልቅ ርቀው ያዩ ናቸው።

ቢሆንም ክርክሩን እስከ ጫፉ ስከተለው አንድ የማልወደው ቦታ ያደርሰኛል። «መመለስ የምትችል ከሆነ እንሠራላታለን» ማለት፣ ሲገለጥ፣ ለሀብታሟ እንጂ ለድሃዋ ደረቅ ልብስ አይገባትም ማለት ነው። አዲስ አበባ ቦሌ የምትኖር የካንሰር ሕመምተኛ ይህንኑ ፊኛ ብታሠራ ማንም አይከለክላትም። የጎሮዋ ሴት የተከለከለችው በሰውነቷ ጉድለት ሳይሆን በመንገዱ ርዝመት ነው። ለመንገዱ ርዝመት እሷ ተጠያቂ አይደለችም። ከመጀመሪያውም ለዚህ የዳረጋት እኮ ያው መንገድ ነው፤ ምጥ በያዛት ጊዜ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ፊኛዋ ባልሞተ ነበር። ሩቅ በመሆኗ አንድ ጊዜ ተቀጣች፤ ሩቅ በመሆኗ ደግሞ መድኃኒቱን ትነፈግ?

ሌላም አለ። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ሲያገቡ የጠየቃቸው የለም። አባት ተስማማ፣ ሽማግሌ ተስማማ፣ እሷ ሄደች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ፊቷ ቁጭ ብሎ «አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?» የሚላት ያ ሐኪም ሊሆን ይችላል። ለደህንነቷ አስቦ ጥያቄውን ከዋጠው፣ በደግ ልብም ቢሆን፣ አንድ ሌላ አባት ሆነ።

ይሁንና ጥያቄውን መጠየቅ ብቻውን ነፃ አያወጣም። ስምምነት የሚሉትን ነገር እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ሐኪሙ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ያስባል፤ አስተርጓሚዋ ነርስ «አደ» ብላ ጠርታት በኦሮምኛ ታስረዳታለች። «ኋላ ጠጠር ሊፈጠር ይችላል» የሚለው ነገር ተርፎ ሲደርሳት «በሆድሽ ድንጋይ ይበቅል ይሆናል» ሆኖ ነው። እሷም ብትስቅ ማን ይፈርድባታል? ሌት ተቀን ለምትረጥብ ልጅ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ድንጋይ መንገር፣ እሳት ውስጥ ላለ ሰው ስለ ቤቱ ግብር እንደመንገር ነው። ጣቷን ቀለም አስነክራ ትፈርማለች። የፈረመችው የሃያ ዓመቷ ልጅ ናት፤ የምትከፍለው የሠላሳ አምስት ዓመቷ ሴት። ያቺ ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረችም። ባል አልነበራትም፣ ልጅ አልነበራትም፣ የምታጣው ነገር አልነበራትም። ይህኛው ዕዳ ከሜዳ ነው ብትል ሐሰት አትናገርም።

እኔ እንደሚመስለኝ ለዚያ ለሌለችው ሴት ሊወክልላት የሚችለው ፊርማው አይደለም፤ ሆስፒታሉ ነው። ሌሎች ኦፕሬሽኖች ምህረት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ግን ምህረት አይደለም፤ ውል ነው። ውል ደግሞ ሁለት ወገን አለው፤ በአንደኛው ወገን ብቻ ሲፈርሙበት ውል አይባልም። እሷ ውሃ ልትጠጣ፣ በሰዓቱ ልታስወጣ፣ ልታጥብ ፈርማለች። ያኛውስ ወገን ምን ፈረመ? አገሯ የምትመለስበትን መሳፈሪያ መስጠት በጎ ነው። የአሥረኛው ዓመት መሳፈሪያ በማን መዝገብ ነው የተያዘው? ቱቦው ሲያልቅባት ከየት ታገኛለች? የአሲዱን ኪኒን ማን ይተካላታል? ይህን ሁሉ ሳስብ የኦፕሬሽኑ ዋጋ የቢላውና የክሩ፣ የሐኪሙና የአልጋው ብቻ ሳይሆን የሃያ ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ጭምር ነው እላለሁ። እሱ ያልተቆጠረበት ሒሳብ ግማሽ ሒሳብ ነው።

ከውጭ አገር ለሁለት ሳምንት መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ ስለሚሄድ ቀዶ ሐኪም ብዙ አልናገርም። እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይ «ተሳክቷል» የሚለው ግን ታካሚዋ በወጣችበት ቀን የተጻፈ ነው፤ ልክ እንደ እኔ ዜና። ድንጋዩ ሲመጣ እሱ የለም፤ ሪፖርቱም አይታረምም።

ሃምሊኖቹ ይህ ጉዳይ ሳይታያቸው አልቀረም። በሁለት ሺዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለ ሰፈር የተሠራው፣ ጨርሶ ሊደርቁ ላልቻሉና የዘወትር ክትትል ለሚያስፈልጋቸው ሴቶች ነው። ሽንታቸው በከረጢት የሚወርድ ሴቶች በዚያው ኖረው፣ ሙያ ተምረው፣ ሠርተው የሚያድሩበት ነበር። ውሉን የማክበር አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ መመለስ የማትችለውን እዚያው ማኖር። በጎ ሐሳብ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ዋጋው አገሯ ነው። እናቷ፣ ገብሱ፣ የደጋው ብርድ፣ ቋንቋዋን የሚናገረው ገበያ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሴቶቹን አሠልጥኖ ወደ ኅብረተሰቡ ወደ መመለሱ ሥራ ያደላው ይህ ታይቶ ሳይሆን አይቀርም። መመለሷ ደግሞ ጥያቄውን መልሶ ጎሮ ላይ ይጥለዋል።

በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሃምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ተመራቂዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልካል፤ ፊስቱላ እንዳይደርስ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን የነገዋን ልጅ ማዳን የትናንቷን ዕዳ አይሰርዝም። አንዳንዴ «መከላከል ይሻላል» የምንለው ቀድሞ የተጎዳውን ላለማየት ይመስለኛል።

ታዲያ ይሠራላት ወይስ አይሠራላት? የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከፈለገች ይሠራላት። ነገር ግን ከመሠራቱ በፊት ጎባ ወይም ሮቤ ያለ አንድ ሐኪም ስሟን ይወቅ። የተሠራው ፊኛ ሥዕል በሁለት ግልባጭ ይሣል፤ አንዱ በሆስፒታሉ፣ አንዱ በእሷ እጅ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ። በዓመት አንዴ ሳትታመም እንድትመጣ መሳፈሪያዋ ይቀመጥላት። ቤተሰቧም «ዳነች» ተብሎ ሳይሆን «ታክማለች፤ ወደፊትም ትታከማለች» ተብሎ ይነገረው። ይህ ለምርቃት አይመችም፤ አውቃለሁ። ያመማት ቀን ግን «ቀጠሮዬ ደረሰ» ብላ ትነሳለች እንጂ አትደበቅም።

ይህን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ያንን የድሮ ጋዜጣ ፈልጌ አገኘሁት። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ስለ ልብሱ ቀለም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌያለሁ። አራቱ በእጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል። ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኋቸውም።